ፈጣን የሚባለው ለማን ሥራ ነው? የኮምፒውተር ፕሮሰሰሮችን በፍትሐዊ መመዘኛ ስለ ማወዳደር

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ተመሥርቶ ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከሉ ከሆነች ወዲህ፣ ቀድሞ ከዞን መምሪያዎች፣ ከባንኮች፣ ከሆስፒታሎችና በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ይመጣ በነበረው የኮምፒውተር ፍላጎት ላይ የክልል ቢሮዎች ፍላጎት ተደርቧል። ለመሥሪያ ቤቱ በጨረታ የሚገዛው የግዥ ኮሚቴም ሆነ ከቦዲቲ ወይም ከአረካ መጥቶ ለመመረቂያ ጽሑፉ አንድ ላፕቶፕ የሚያማርጠው ተማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ የቱ ይፈጥናል? ጥያቄው በሱቅ መደርደሪያ ፊት በአንድ ቃል የሚመለስ ቢመስልም፣ የኮምፒውተር መሐንዲሶች ከ50 ዓመት በላይ የተከራከሩበት፣ ታላላቅ ኩባንያዎች የተካሰሱበትና እስካሁን ያልተዘጋ ጉዳይ ነው። አንድ ፕሮሰሰር በራሱ ፈጣን ወይም ዘገምተኛ አይባልም፤ የሚፈጥነውም የሚዘገየውም ለአንድ ለተለየ ሥራ ነው። ስለዚህ መመዘኛው ፍትሐዊ የሚሆነው የገዢውን ሥራ፣ ገዢው በሚሠራው መጠን አመዛዝኖ ሲይዝ ነው፤ ይህ ጽሑፍም ይህን አባባል በማስረጃ ለማሳየት የቀረበ ነው።

ፕሮሰሰር ወይም ማዕከላዊ ማቀነባበሪያ የሚባለው በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ ፕሮግራሞች የሚያዝዙትን ስሌት የሚፈጽም ክፍል ነው። ሥራውን የሚያከናውነው ትእዛዝ በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ተግባራት ሲሆን፣ ሁለት ቁጥሮችን መደመር፣ ከማህደር አንድ ቁጥር ማምጣት፣ አንዱ ከሌላው መብለጡን ማየት እያንዳንዳቸው አንድ ትእዛዝ ናቸው። የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ሰዓት በሰከንድ በቢሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ ይመታል፤ 1 ጊጋሄርትዝ ማለት በሰከንድ 1 ቢሊዮን ምት ማለት ነው። አንድ ፕሮግራም የሚፈጀው ጊዜ እንግዲህ የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ ፕሮግራሙ የሚጠይቀው የትእዛዝ ብዛት፣ አንድ ትእዛዝ በአማካይ የሚፈልገው የምት ብዛት፣ አንድ ምት የሚወስደው ጊዜ። ሻጭ በማስታወቂያው ላይ የሚጽፈው ጊጋሄርትዝ ከሦስቱ የመጨረሻውን ብቻ የሚናገር ስለ ሆነ፣ በእርሱ ብቻ ማወዳደር ከሁለት መንገደኞች ቀድሞ የሚደርሰውን የእርምጃቸውን ስፋት ሳያዩ ቶሎ ቶሎ በመራመዳቸው ብቻ እንደ መገመት ነው።

ይህ ስሕተት ምን ያህል ርቆ እንደ ሄደ የሚያሳየው የፔንቲየም 4 ታሪክ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2000 በ1.4 እና በ1.5 ጊጋሄርትዝ ለገበያ ያቀረበው ይህ ፕሮሰሰር የሰዓቱ ፍጥነት እንዲያድግ ሲባል እያንዳንዱን ትእዛዝ በ20 ደረጃዎች ከፋፍሎ እንዲያልፍ የተነደፈ ነበር፤ በቀዳሚው በፔንቲየም 3 ደረጃዎቹ 10 ገደማ ነበሩ። ደረጃው ሲበዛ እያንዳንዱ ምት ያጥራል፤ ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ቀጥሎ የሚመጣውን ትእዛዝ ገምቶ ሥራ ከጀመረ በኋላ ግምቱ ከከሸፈ፣ በመንገድ ላይ ያለውን ሥራ ሁሉ ጥሎ እንደገና መጀመር ስላለበት ኪሳራው በደረጃዎቹ ልክ ይበዛል። በዚህ ምክንያት አዲሱ ፕሮሰሰር በአንዳንድ ሥራዎች በ1 ጊጋሄርትዝ ብቻ ከሚመታው ከቀዳሚው ጋር ሲተናነቅ ታየ። ተፎካካሪው ኤኤምዲም በቀጣዩ ዓመት ምርቶቹን በጊጋሄርትዝ መጥራት ትቶ፣ በ1.53 ጊጋሄርትዝ ለሚሠራው አትሎን ኤክስፒ ‘1800+’ የሚል ስም አወጣለት፤ ገዢው ቁጥር ካልሰማ አያምንምና ቁጥሩን በሌላ ቁጥር ተካው ማለት ነው።

ከጊጋሄርትዝ በፊትም ‘ሚፕስ’ የሚባል ቁጥር ነበር፤ በሰከንድ የሚፈጸሙ ትእዛዞችን በሚሊዮን የሚቆጥር ነው። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው ቫክስ 11/780 ኮምፒውተር ለብዙ ዓመታት ‘የ1 ሚፕስ ማሽን’ ተብሎ የሌሎች ሁሉ መለኪያ ሆኖ ሳለ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ የኩባንያው ተመራማሪዎች ውስጡን ሲለኩት አንድ ትእዛዝ በአማካይ 10.6 ምት ይፈጅበት እንደ ነበር አገኙ። ሰዓቱ በሰከንድ 5 ሚሊዮን ጊዜ ብቻ የሚመታ በመሆኑ፣ እውነተኛው ቁጥር ከግማሽ ሚፕስ የማይበልጥ ሆነ። ስሙ ግን አልተለወጠም። በዚያ ላይ የተለያዩ ፕሮሰሰሮች የትእዛዝ መዝገብ አንድ ስላልሆነ፣ አንዱ በአንድ ትእዛዝ የሚጨርሰውን ሌላው በሦስት ስለሚሠራው፣ ብዙ ትእዛዝ መፈጸም ብዙ ሥራ መሥራት አይደለም።

ዛሬ የእነዚህን ቁጥሮች ቦታ በገበያ ላይ የያዘው ‘ኮር አይ ፋይቭ’፣ ‘ኮር አይ ሰቨን’ የሚለው አጠራር ነው፤ ከ‘አይ ፋይቭ’ ‘አይ ሰቨን’ ይበልጣል የሚለው እምነትም በሶዶ ሱቆች ሆነ በቴሌግራም የሽያጭ ገጾች እንደ ሕግ ተይዟል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት ‘ስላይትሊ ዩዝድ’ በሚል ስያሜ ለሽያጭ የሚቀርቡ የሁለት ላፕቶፖችን ፕሮሰሰሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኮር አይ7-7500ዩ ሲሆን፣ ሁለት ኮር፣ ማለትም ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ሁለት የስሌት ክፍሎች፣ እንዲሁም 4 ሜጋባይት ካሽ አለው፤ ካሽ የሚባለው ከራም፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ዋና ማህደር፣ እጅግ የፈጠነና በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ጊዜያዊ ማህደር ነው። መነሻ ፍጥነቱ 2.7፣ ከፍተኛው 3.5 ጊጋሄርትዝ ነው። ሁለተኛው በቀጣዩ ዓመት የወጣው ኮር አይ5-8250ዩ ሲሆን፣ አራት ኮርና 6 ሜጋባይት ካሽ አለው፤ መነሻ ፍጥነቱ 1.6፣ ከፍተኛው 3.4 ጊጋሄርትዝ ነው። ሁለቱም የተነደፉት ለ15 ዋት ነው። በስሙ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያውን ያነሳል፤ በመነሻ ጊጋሄርትዝ የሚገዛም እንዲሁ።

ሥራውን ለተመለከተ ሰው ግን ውጤቱ ሌላ ነው። አንድ ኮር ብቻ የሚጠቀም ፕሮግራም፣ ለምሳሌ በአንድ ተራ የሚሄድ የቆየ የሒሳብ ፕሮግራም፣ በሁለቱም ላይ በተቀራራቢ ጊዜ ያልቃል፤ ከፍተኛ ፍጥነቶቻቸው 3.5 እና 3.4 ናቸውና። ሥራውን ለብዙ ኮሮች የሚያከፋፍል ፕሮግራም ሲመጣ፣ ቪዲዮ መጭመቅ ወይም ብዙ ጊዜ የሚደጋገም የስታቲስቲክስ ስሌት ሲሆን፣ ‘አይ ፋይቭ’ የተባለው ኮሩ እጥፍ ስለ ሆነ በግልጽ ይቀድማል። ሻጩ የዋሸው ነገር የለም፤ ስሙ እውነተኛ ስም ነው። ስሙ የሚያወዳድረው ግን በአንድ ዓመት በወጣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያሉትን እንጂ ከዓመት ዓመት አይደለም። ስለ ሆነም ጄኔሬሽኑን፣ የኮሩን ብዛትና በስሙ መጨረሻ ያለውን ፊደል ሳይጠቅስ ‘ኮር አይ ሰቨን’ ብቻ የሚል የጨረታ ሰነድ ምንም አልጠየቀም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቁጥርና ስም ካላስተማመኑ የሚቀረው ማሠራት ነው። ቤንችማርክ የሚባለው መመዘኛ ፕሮግራም የመጣው በዚህ መንገድ ነው፤ አንድን ሥራ ለሁሉም ማሽኖች ሰጥቶ የፈጀባቸውን ጊዜ መለካት። ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በእንግሊዝ የተዘጋጀው ዌትስቶን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ራይንሆልድ ቫይከር የተባለ የሲመንስ ባለሙያ ያወጣው ድራይስቶን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ገነነ። ሁለቱም ሰው ሠራሽ ናቸው፤ ማለትም ለማንም የሚጠቅም ውጤት ሳያወጡ እውነተኛ ፕሮግራሞች የሚያበዟቸውን የትእዛዝ ዓይነቶች ብቻ አስመስለው ይደጋግማሉ። ድራይስቶን ትንሽ ስለ ሆነ ሙሉ በሙሉ በካሽ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ የራምን ዝግታ አይነካም። ኮምፓይለሮች፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ፕሮሰሰሩ ወደሚገባው ትእዛዝ የሚለውጡ ሶፍትዌሮች፣ እየበሰሉ ሲሄዱ ደግሞ ‘የዚህ ስሌት ውጤት የትም አይፈለግም’ ብለው ከፊሉን ሥራ ጭራሽ ይሰርዙት ጀመር፤ ማሽኑም ያልሠራውን ሥራ በፍጥነት እንደ ጨረሰ ተቆጠረለት።

ይህን ለማረም እ.ኤ.አ. በ1988 አፖሎ፣ ሂውሌት ፓካርድ፣ ሚፕስና ሰን የተባሉ ኩባንያዎች በጋራ ያቋቋሙት ስታንዳርድ ፐርፎርማንስ ኢቫሉዌሽን ኮርፖሬሽን፣ ባጭሩ ስፔክ፣ ሰው ሠራሹን ትቶ እውነተኛ ፕሮግራሞችን ሰበሰበ፤ በመጀመሪያው ስብስብ የተካተቱት አሥር ነበሩ። ከአሥሩ አንዱ ማትሪክስ300 የተባለው የቁጥር ሰንጠረዦችን የሚያባዛ ሲሆን፣ ከሚፈጀው ጊዜ 99 በመቶው የሚያልፈው በአንዲት የፕሮግራም መስመር ላይ እንደ ሆነ ታወቀ። የኮምፓይለር ጸሐፊዎች ያችን መስመር ለይተው አጠቁ፤ በአንድ የአይቢኤም ማሽን ላይ ኮምፓይለሩ ብቻ ተለውጦ፣ ፕሮሰሰሩ ሳይነካ፣ ውጤቱ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ አደገ። በእ.ኤ.አ. 1992ቱ እትም ማትሪክስ300 ወጣ። ስፔክ ኋላ ላይ የደነገገው መፍትሔ ከዚህ ትምህርት የመጣ ይመስላል፦ አምራቹ ሁለት ዓይነት ውጤት ሊያቀርብ ይችላል፤ አንዱ በአንድ ቋንቋ ለተጻፉ ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ ወጥ የኮምፓይለር ቅንብር ተጠቅሞ የሚገኘው ‘መነሻ’ ውጤት ነው፤ ሌላው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻ ተስተካክሎ የሚገኘው ‘ከፍተኛ’ ውጤት ነው። ለተራ ተጠቃሚ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነው፤ በክልል ቢሮ ውስጥ የኤክሴል ፕሮግራሙን ለገዛው ፕሮሰሰር ለይቶ በራሱ ቅንብር የሚያዘጋጅ ሠራተኛ የለምና።

ደንቡ ቢኖርም ፈተናው አላቆመም። ስፔክ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ የኢንቴል ኮምፓይለር ከመመዘኛው ፕሮግራሞች ለአንዱ ብቻ የሚጠቅም ማስተካከያ ይዞ መገኘቱን ገልጾ ከ2600 በላይ የታተሙ ውጤቶች ተቀባይነት እንደሌላቸው አስታውቋል። ከዚያ በፊትም ያው ኩባንያ ኮምፓይለሩ በተፎካካሪዎች ፕሮሰሰር ላይ ዝግ ያለውን የትእዛዝ መንገድ እንዲመርጥ ያደርጋል በሚል ተወቅሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር በደረሰበት ስምምነት ይህን ጉዳይ ለደንበኞቹ በግልጽ የማሳወቅ ግዴታ ገብቷል። ነገሩ ከእኛ የራቀ የባለጠጎች ጠብ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም በሶዶ ከሚሸጡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ የያዙት የዚያኑ ኩባንያ ፕሮሰሰር ነው።

የሕዝቡ እውነተኛ ኮምፒውተር ግን ላፕቶፕ ሳይሆን ስልክ ነው፤ እዚያም የተሠራው ብልሃት የባሰ እንጂ ያነሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ4 መመዘኛ ፕሮግራም መከፈቱን በስሙ ሲያውቅ የሥዕል ማቀነባበሪያውን ፍጥነት ከ480 ወደ 532 ሜጋሄርትዝ ከፍ እንደሚያደርግ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁዋዌ በአንዳንድ ስልኮቹ ተመሳሳይ ነገር አድርጎ ተገኝቶ ስሪዲማርክ ከተባለው መመዘኛ የውጤት ሰንጠረዥ ተሰረዘ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ የሳምሰንግ ስልኮች ሙቀት ለመቀነስና ባትሪ ለመቆጠብ የብዙ መተግበሪያዎችን ፍጥነት ሲገቱ መመዘኛ ፕሮግራሞችን ግን ሳይገቱ እንደሚተዉ ስለ ታወቀ፣ ጊክቤንች የተባለው መመዘኛ አራት ተከታታይ የጋላክሲ ኤስ ትውልዶችን ከዝርዝሩ አስወጣ። አብዛኛው ሰው የሚይዛቸው ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ዋጋቸው ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ነጥባቸውም ያንሳል፤ ይሁን እንጂ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ፈተና ለማንኛውም ስልክ የሚናገረው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ነው፤ ግማሽ ሰዓት የቪዲዮ ጥሪ ካደረገና ጀርባው ከጋለ በኋላ ያለውን ፍጥነት አይነግርም። ሲኒቤንች የተባለው የኮምፒውተር መመዘኛ ከእ.ኤ.አ. 2020 እትሙ ጀምሮ ፈተናውን ለ10 ደቂቃ መደጋገሙ ይህን ሙቀት አመጣሽ ድካም ለመያዝ ነው።

መመዘኛው በሐቀኝነት ቢሠራ እንኳ ውጤቶችን ወደ አንድ ቁጥር መጨመቅ ራሱ ወጥመድ አለው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ማሽኖች፣ ‘ሀ’ እና ‘ለ’፣ ሁለት ሥራዎች ተሰጣቸው እንበል፤ አንደኛው የበጀት ሰንጠረዥ ማስላት፣ ሁለተኛው የጥናት መረጃ መተንተን ነው። ‘ሀ’ የመጀመሪያውን በ10 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን በ100 ሰከንድ ጨረሰ፤ ‘ለ’ የመጀመሪያውን በ20፣ ሁለተኛውን በ50 ሰከንድ ጨረሰ። ‘ለ’ን መነሻ ያደረገ ሰው ‘ሀ’ በመጀመሪያው ሥራ 2 እጥፍ፣ በሁለተኛው ግማሽ እጥፍ ነው ብሎ፣ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ሲያካፍል 1.25 ያገኛል፤ ‘ሀ’ በ25 በመቶ ይበልጣል ማለት ነው። ‘ሀ’ን መነሻ ያደረገ ሌላ ሰው በዚያው ስሌት ‘ለ’ በ25 በመቶ ይበልጣል የሚል ውጤት ያገኛል። ሁለቱም ቁጥር አልሰረቁም፤ አንደኛው ሻጭ ሌላኛውም ሻጭ ትክክል ነኝ ሊል ይችላል።

ፍሌሚንግና ዋላስ የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ ያቀረቡት መፍትሔ ጂኦሜትሪያዊ አማካይ ነው፤ ንጽጽሮቹን ደምሮ ከማካፈል ይልቅ አባዝቶ የብዜቱን ሥር መውሰድ። 2 በግማሽ ሲባዛ 1 ስለሚሆን ማንም መነሻ ቢሆን ‘ሀ’ እና ‘ለ’ እኩል ይወጣሉ። ስፔክም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ዘዴው መነሻ ማሽን በመምረጥ ማታለልን ይከለክላል፤ ነገር ግን ሌላ ጉድለት አለው፤ እኩል ናቸው ያላቸው ማሽኖች እያንዳንዱን ሥራ አንድ ጊዜ ቢሠሩ ‘ሀ’ 110 ሰከንድ፣ ‘ለ’ 70 ሰከንድ ይፈጃሉ። እኩል የሆኑት በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው የገዢው ሥራ የሚገባው። የፋይናንስ ሠራተኛዋ በቀን የመጀመሪያውን ሥራ 50 ጊዜ፣ ሁለተኛውን አንድ ጊዜ ብትሠራ፣ በ‘ሀ’ 600 ሰከንድ፣ በ‘ለ’ 1050 ሰከንድ ትጠብቃለች። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ የመጀመሪያውን አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛውን 20 ጊዜ ቢሠራ በ‘ሀ’ 2010፣ በ‘ለ’ 1020 ሰከንድ ይፈጅበታል። አንዱ ማሽን ለአንዷ ቢሮ የሚገባ፣ ሌላው ለሌላው ቢሮ የሚገባ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዝርዝር መግለጫ ጠቅልሎ የሚገዛ ተቋም ከሁለቱ አንዱን ሠራተኛ ዓመታት ያስጠብቃል። ፍትሐዊነት እንግዲህ በአማካዩ ዓይነት ውስጥ ብቻ አይገኝም፤ ለእያንዳንዱ ሥራ በሚሰጠው ክብደት ውስጥም ይገኛል። ክብደቱን የሚያውቀው ደግሞ መመዘኛውን የጻፈው የውጭ ድርጅት ሳይሆን ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው።

አንድ ቁጥር ብቻውን በቂ የሚሆንበት ሁኔታ እንዳለ መካድ አይገባም። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል የገቡ ድርጅቶች የሚያሠሯቸው የቢትኮይን ማሽኖች ሌሊትና ቀን የሚሠሩት አንድ ስሌት ብቻ ስለ ሆነ፣ ለአንድ ቴራሀሽ፣ ማለትም ለተወሰነ የዚያ ስሌት ብዛት፣ ስንት ጁል የኤሌክትሪክ ጉልበት ይፈጃል የሚለው ጥያቄ ይበቃል፤ አንትማይነር ኤስ19 ፕሮ የተባለው ማሽን 29.5፣ ኤስ21 የተባለው 17.5 ጁል ይፈጃሉ፣ ክርክር የለም። ሰው የሚጠቀምበት ኮምፒውተር ግን እንዲህ ያለ ነጠላ ሕይወት የለውም።

የስፔክ የእ.ኤ.አ. 2017 ስብስብ በሙሉ ቁጥር ስሌት ክፍሉ አሥር ፕሮግራሞች ሲኖሩት፣ ከአሥሩ ሦስቱ ቼዝ፣ ጎ የተባለው የሩቅ ምሥራቅ ጨዋታና የሱዶኩ እንቆቅልሽ ናቸው። በመሥሪያ ቤት ጎ የሚጫወት ሠራተኛ በሶዶ ቢገኝ የሚያስገርም ነው፤ ያም ሆኖ እነዚህ የተመረጡት ለመዝናኛነታቸው ሳይሆን ብዙ አማራጮችን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየፈተሹ ስለሚሄዱ ነው፤ ይህ ዓይነት ፍለጋ ደግሞ በሌሎችም ሶፍትዌሮች ውስጥ አለ። ከዚህ ይልቅ ለአካባቢው አንባቢ ክፍተት ሊሆን የሚችለው ጽሑፍ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በስፋት በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲን ፊደል 1 ባይት ብቻ ነው። ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ የፌዴራሉ ደብዳቤ የሚጻፈው በግእዝ ፊደል ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቢሮ ውስጥ ‘ወላይታ’ የሚለው ስም በአራት ፊደል 12 ባይት፣ በላቲኑ አጻጻፍ በስምንት ፊደል 8 ባይት ይሆናል። ይህ ማለት ፕሮሰሰሩ አማርኛን በሦስት እጥፍ ይዘገያል ማለት አይደለም፤ አማርኛ በጥቂት ፊደል ብዙ ይናገራልና። ማለት የሚቻለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በመፈለግና በመደርደር የተገኘ ነጥብ በእነዚህ ሁለት ፊደሎች ለሚጻፉ የቢሮ መዝገቦች በቀጥታ ሊወሰድ እንደማይችል ነው፤ በራሳቸው ጽሑፍ መሞከር አለበት።

ጄን አምዳል የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው ስሌት ደግሞ ብዙ ገዢዎችን ከወጪ ያድናል። አንድ ሥራ ከሚፈጀው 10 ደቂቃ ውስጥ ፕሮሰሰሩ የሚሠራበት 3 ደቂቃ፣ ቀሪው 7 ደቂቃ ሃርድ ዲስኩን ወይም ኢንተርኔቱን መጠበቂያ ከሆነ፣ በሁለት እጥፍ የፈጠነ ፕሮሰሰር የሚያተርፈው 1 ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። ማለቂያ የሌለው ፍጥነት ያለው ፕሮሰሰር ቢገዛ እንኳ 7ቱ ደቂቃ አይነካም። ጤና ተቋማት ሪፖርታቸውን የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚከፈተው በብራውዘር ሲሆን ዋናው ስሌት የሚከናወነው ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን የተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከተፈታኙ ኮምፒውተር የሚጠይቀው የስሌት ኃይል ጥቂት ነው። እንዲህ ላለው ሥራ የፕሮሰሰር መመዘኛ ማወዳደር ራሱ የተሳሳተ ጥያቄ ነው፤ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መለወጥ ወይም ራም መጨመር ይሻላል።

የታተመ ነጥብ የተወለደበት ቦታም አለ፤ ያ ቦታ ደግሞ እንደ ሶዶ ከፍታ ላይ ላይሆን ይችላል። ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 እስከ 2100 ሜትር ከፍታ ላይ በዳሞታ ተራራ ሥር የተቀመጠች ስትሆን፣ በ2000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ሙቀት ይዞ የመውጣት ዐቅሙ ያንሳል። አሽሬ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለተለመዱት የሰርቨር ክፍሎች ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀነስ የሚመክረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሶዶ ከፍታ ይህ እንደ ቦታው ከሁለት ዲግሪ በላይ እስከ አራት ዲግሪ ይሆናል። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲሆን ችግሩ ይደራረባል፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት ደርቋል፣ ማራገቢያው አቧራ ይዟል፣ ባትሪው ደክሟል፤ አንዳንድ ላፕቶፖች ባትሪው ሲደክም ወይም መብራት ሲጠፋ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ራሳቸው ይቀንሳሉ። እስከ 2000 ሜጋዋት ተሸክሞ 1045 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው የ500 ኪሎቮልት መስመር የሚነሳው ከሶዶ ቢሆንም፣ የከተማው ነዋሪ የመብራት መቆራረጥን አሳምሮ ያውቃል። እንግዲያው በባትሪ ላይ ያለውን ፍጥነት ሳይለካ በሶኬት ላይ ባለው ብቻ መፍረድ የዚህን አገር የሥራ ቀን ግማሹን አለማየት ነው።

በመንግሥት ግዥ በኩል መንገዱ ጭራሽ ያልተጠረገ አይደለም። ለዓመታት የሠራው የፌዴራል መንግሥት የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 የዝርዝር መግለጫ በንግድ ምልክት እንዳይጻፍ፣ ሌላ መግለጫ ከታጣም ‘ወይም ተመጣጣኝ’ የሚል እንዲጨመርበት ያዝዝ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2004 የኢንቴልን ስም ወይም የተወሰነ የሰዓት ፍጥነት የሚጠይቁ የአባል አገሮች ጨረታዎችን የነቀፈው በዚሁ መርህ ነው። ‘ተመጣጣኝ’ የሚለው ቃል ግን በምን እንደሚመጣጠን ካልተነገረ ክርክርን ይከፍታል እንጂ አይዘጋም። ‘ኮር አይ ሰቨን ወይም ተመጣጣኝ’ ተብሎ ሲጻፍ ኤኤምዲ ራይዘን ያቀረበ ተጫራች በየትኛው ሚዛን እንደሚለካ አያውቅም፤ ኮሚቴውም አያውቅም።

የተሻለው አሠራር ሚዛኑን በሰነዱ ውስጥ መጻፍ ነው። ገዢው ቢሮ ሠራተኞቹ በሳምንት ውስጥ የትኛውን ሥራ ስንት ጊዜ እንደሚሠሩ ይመዘግባል፤ ከዚያ ሦስት ወይም አራት እውነተኛ ፋይሎችን ይመርጣል፤ የሰው ስምና የደመወዝ መረጃ ያጠፋል፤ ተጫራቾች አንድ አንድ ናሙና ያመጣሉ። ራሙ፣ ኤስኤስዲውና የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እትም አንድ ይሆናሉ፤ የጸረ ቫይረሱ ሁኔታም እንዲሁ። እያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሠራል፤ ስፔክም ሦስት ጊዜ ሲሠራ የሚቀበለው መካከለኛውን ነው፤ ፈጣኑ ብቻ ከተወሰደ ዕድል ይሸልማል። ማሽኑ ሩብ ሰዓት ከሠራና ከሞቀ በኋላ፣ አንዴ በሶኬት አንዴ በባትሪ ይለካል። ውጤቱ ነጥብ በሚባል ምስጢራዊ ቁጥር ሳይሆን በደቂቃና በሰከንድ ይጻፋል፤ በአጠገቡም ዋጋው። ይህን ለማድረግ ልዩ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ የኢንፎርማቲክስ ተማሪ የሚችለው ሥራ ነው፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክትም ከብዙዎቹ የተሻለ ርእስ ይሆናል።

እንዲህ የተዘጋጀ ፋይል እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ታሽጎ መቆየት ያለበት መሆኑ ግልጽ ነው፤ ግልጽ ያልሆነው ለስንት ጊዜ ያገለግላል የሚለው ነው። ስፔክ ስብስቡን እ.ኤ.አ. በ1989፣ በ1992፣ በ1995፣ በ2000፣ በ2006 እና በ2017 አውጥቷል፤ በ2006ቱና በ2017ቱ እትሞች መካከል 11 ዓመት አልፏል፤ በ2024 የተሰረዙት ውጤቶችም የተገኙት በ2017ቱ ስብስብ ላይ ነበር። የዞን መምሪያ ፋይል የዓለም አምራቾችን ትኩረት ስለማይስብ ለዚያ ዓይነት ማጭበርበር አይጋለጥም ሊባል ይችላል፤ የሚያረጀው በሌላ ምክንያት ነው፤ ሠራተኞቹ ዛሬ በኤክሴል የሚሠሩትን ከሁለት ዓመት በኋላ በብራውዘር ይሠሩታል፣ በጽሑፍ የሚልኩትን በቪዲዮ ይነጋገሩታል። የሥራ መዝገቡ በየበጀት ዓመቱ፣ ሐምሌ ላይ የግዥ ዕቅድ ሲወጣ፣ አብሮ ቢታደስ ወጪው የአንድ ሠራተኛ የሁለት ቀን ሥራ ነው።